ሊመጣ ያለው ዕቃና የጋሽ አላምረው ዓይን

የጋሽ አላምረውን ሞት የሰማሁት ገና ስላልተሠራ ዕቃ ስጨቃጨቅ ነው። ደብረ ታቦር ቤቴ ተቀምጬ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል ስለሚባል አንድ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ በአካል ከማላውቀው ሰው ጋር በስልኬ እጻጻፋለሁ። እሱ ይታጠፋል ይላል፣ እኔ አይታጠፍም እላለሁ። ሁለታችንም አላየነውም። የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ገና ያልወሰኑትን ነገር እኔ በእርግጠኝነት አስረዳለሁ። በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ። ስንታየሁ ነበር፤ ጋይንት፣ አርብ ገበያ አብሮኝ ሲያስተምር የነበረ የባዮሎጂ መምህር ነው። የወገዳ ልጅ ስለሆነ ይሁን ተፈጥሮው ሆኖ፣ ነገር ማዞር አያውቅም።

«ጋሽ አላምረው ዐርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው፤ ከቻልክ ድረስ» አለኝ።

ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን እንዳሰበ ሲጠየቅ የሚያምር ነገር ይናገራል። እኔ ግን ያሰብኩት «እንግዲህ ይታጠፍ አይታጠፍ ማን ሊፈርድልኝ ነው» ብዬ ነው። ወዲያው አፈርኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን እሳቸውም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ እንደሚሆን ሳስብ ሐፍረቱ ቀለል አለልኝ።

አርብ ገበያ የተመደብኩት ኮሌጅ እንደጨረስኩ፣ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሊመጡ ነው ተብሎ ነበር። እስኪመጡ ድረስ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ስክሪን እሥላለሁ፣ ከሥሩ ኪቦርድ እሥላለሁ፤ ተማሪ እየወጣ የሣልኩለትን ቁልፍ ይጫናል፣ ጣቱ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። «ምን መጣ?» እለዋለሁ። ያላየውን ፊደል አየሁ ብሎ ይነግረኛል። «ጎበዝ» እለዋለሁ። እንዲህ አድርጌ ስውል ቆይቼ ደረቴን ነፍቼ ወደ መምህራን ማረፊያ እገባለሁ። ስለ ሌለ ነገር በልበ ሙሉነት መናገርን የተለማመድኩት በዚህ ሥራ ነው፤ ደመወዝም ይከፈለኝ ነበር።

ጋሽ አላምረው የአማርኛ መምህር ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ በኮታቸው ላይ ነጠላ የሚደርቡ፣ ዕድሜያቸው ለጡረታ የተጠጋ ሰው። ያደጉት እዚያው ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ነው፤ እዚያ ዜማ ተምረው፣ ቀጥለው በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጠው፣ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገቡት ጢም ካበቀሉ በኋላ ነው። ከትርጓሜ ቤት ይዘውት የወጡት አንድ ልማድ ግን ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። በዚያ ቤት ተማሪው አንድ መስመር ያነባል፣ መምህሩ ይፈታዋል። ፈትቶም አያበቃም፤ «አንድም» ይልና ሌላ ፍች ይሰጣል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። ጋሽ አላምረው ይህን ሥርዓት ከብራናው አውጥተው ዓለም ላይ ለቀቁት። ዳይሬክተሩ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አንድ ሰው ያነብላቸዋል፣ እሳቸው የግራ እጃቸውን አመልካች ጣት ያነሣሉ። «ነገ ስብሰባ አለ አለ። ሊቆጣን ነው። አንድም ተቆጥተውት መጥቶ ነው። አንድም አዲስ ኮት ገዝቷል፣ የሚያሳይበት አጥቷል።» ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆነው የመጨረሻው ነበር።

እኔ በየወሩ ቤተሰብ ልጠይቅ ደብረ ታቦር ስሄድ ኢንተርኔት ቤት ሳልገባ አልመለስም። አንድ ጊዜ ከዚያ አንድ ገጽ አሳትሜ መጣሁ። ሊወጣ ነው ስለተባለ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚያወራ ጽሑፍ ነው። የጻፈው ሰውም ቢሆን ዕቃውን አላየውም፤ በየመስመሩ «ይባላል»፣ «ይጠበቃል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» ይላል። እኔ ስተረጉመው ነገሩ እንዳይረዝም ብዬ እነዚህን ቃላት አወጣኋቸው።

«እስቲ አንብበው» አሉኝ ጋሽ አላምረው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው።

«ፀሐይ ላይ ይነበባል» ብዬ ጀመርኩ።

ጣታቸው ተነሣ። «ፀሐይ ላይ ይነበባል አለ። ከቤት ውጭ ለሚውል ሰው የተሠራ ነው። አንድም መብራት የሌለው አገር እንዳለ ሰምተዋል፤ ጋይንትን አስበው ነው። ቀጥል።»

«ክብደቱ ከደብተር አይበልጥም፤ ሺህ መጽሐፍ ይይዛል።»

«ሺህ መጽሐፍ አለ። አንባቢ የሚበረታ መስሏቸዋል። አንድም ሳያነብ ያነበበ መምሰል የሚሻ ብዙ ነው፤ እሱን ሸክም አቀለሉለት። ቀጥል።»

«ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል።»

እዚህ ላይ ጣታቸው ቆመ። «በምን ዜማ?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«በግዕዝ ነው፣ በዕዝል ነው ወይስ በአራራይ?» ሦስቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች መቁጠራቸው ነው።

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ማንም ነውር አይለኝም። እኔ ግን የኮምፒውተር መምህር ነኝ። «ሦስቱንም ይዟል፤ የፈለጉትን ይመርጣሉ» አልኩ።

«አሁን ገና ሰው ሠሩ» አሉ ጋሽ አላምረው።

ስንታየሁ ከጥግ ሆኖ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ። ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ በዚህ አለፈ ማለት ይቻላል። ከደብረ ታቦር የምሳፈርበት መኪና አርብ ገበያ ሲደርስ ጋሽ አላምረው መናኸሪያው አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል። ቤተሰቤ ደኅና መሆኑን በአጭሩ ይጠይቁኝና «እህሳ፣ ምን ጨመሩለት?» ይላሉ። ያልጨመሩለትን ሁሉ እጨምርለት ነበር። ኅዳግ አለው ወይ አሉኝ፤ አንባቢ በገጹ ዳር ሐሳቡን የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ማለታቸው ነው። ሰፊ ኅዳግ ሰጠኋቸው። ገጽ ሲገለጥ ጣት በምራቅ ይርጠብ አይርጠብ የሚለው ጉዳይ አንድ ሳምንት ፈጀብን። እሳቸው ሳያርሱ መግለጥ አይችሉም፤ እርጥብ ጣት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል ብለው ሠጉ። ምራቅ እንዳይጎዳው ተደርጎ ተሠርቷል አልኳቸው። ተማሪዎቼ ይህን ሁሉ ሰምተው ስም አወጡልኝ። መምህር ይርጋ መባሌ ቀረና «መምህር ሊመጣ ነው» ሆንኩ።

እሳቸው ግን ከጥያቄ ሁሉ አብልጠው የሚመላለሱባት አንዲት ጥያቄ ነበረች። ሌላው ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፊደሉ ምን ያህል ይተልቃል?» ይሉኛል። መጀመሪያ የአውራ ጣቴን ጥፍር አሳየኋቸው። በሚቀጥለው ጊዜ የመዳፌን ያህል አደረስኩት። ደስታቸውን ሳይ ቸር ሆንኩ፤ የበጋው ወራት ሲያልቅ አንድ ፊደል የመምህራን ማረፊያውን በር ያህል ደርሶ ነበር። ዕቃው ራሱ ከደብተር እንደማይበልጥ ሁለታችንም ረስተነዋል።

ጥያቄው ለምን እንደሚመላለስ ያወቅሁት በአንድ ጠዋት ነው። ስንታየሁ ኮቱን ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ሰቅሎ ሊያስተምር ሄዷል። ጋሽ አላምረው ገቡና ኮቱን እጅ ነሥተው «እንደምን አደርክ ስንታየሁ፤ ምነው ዛሬ ከበሩ ኋላ ተሸሸግህ?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ ቀልድ አስመሰሉት። እኔ ግን አጠገባቸው ስለነበርኩ ኮቱን በእጃቸው ዳብሰው ሲደነግጡ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ሌላውም ነገር ገባኝ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚያነበው ተማሪ ነው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ይፈታሉ፣ «አንድም» ይላሉ። የትርጓሜ ቤት ወግ ነው ብለን ስናደንቅ ኖረናል። ወጉ የትርጓሜ ቤት መሆኑ እውነት ነው። ግን ሽፋን ሆኗቸው ነበር።

ስንታየሁ ሲመለስ ነገሩን ነገርኩት። እሱም ጋሽ አላምረውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ዓይናቸውን አየና «ጋሼ፣ ይኸ ሞራ ነው። ይገፈፋል» አላቸው።

«አውቃለሁ። ቀኙ ከሄደ ቆየ፤ ግራውም እየተሰናበተኝ ነው» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ከክፍል ቢያስወጡኝ ግድ የለም፤ ጡረታየም ደርሷል። ሳያነቡ መኖር ግን እንዴት ነው የሚቻለው ይርጋ? እኔ አላውቅበትም» አሉኝ። ያን ዕለት ስለ ዕቃው ምንም አልጨመርኩም።

ፋሲካ አልፎ የዓይን ሐኪሞች ንፋስ መውጫ ከተማ ድረስ መጥተው ሞራ ሊገፍፉ መሆኑ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ተነገረ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ከጋሽ አላምረው በቀር። ልጅ ሳሉ አንድ ጎረቤታቸው በአገር መድኃኒተኛ ዓይኑን አስነክቶ ጠፍቶበት ኖሯል፤ የዚያ ሰው ጩኸት ከጆሯቸው አልወጣም። መምህራን ሁሉ ተሰብስበን በለመንናቸው ጊዜ ቆመው ማሉ። «ማርያምን፣ የኔን ዓይን ብረት አይነካውም። የሚመጣው ዕቃ ይበቃኛል። ፊደሉ በር ያክላል፤ ሲደክመኝም ራሱ ያነብልኛል፣ በአራራይ።»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

በማግሥቱ የገነባሁትን ላፈርስ ተነሣሁ። ሻይ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ጋሼ፣ ያ ዕቃ እኮ ባትሪው ያልቃል» አልኳቸው።

«ያልቃል አለ» አሉ ጣታቸውን አንሥተው። «ማረፍ ይሻል ማለት ነው፤ ሰውስ ይተኛ የለም? አንድም አንባቢው ያነበበውን እንዲያስብበት ጊዜ ይሰጠዋል።»

«በቀላሉ ይሰበራል።»

«ይሰበራል አለ። ተጠንቅቆ ለሚይዝ ሰው ተሠርቷል።»

«ሊዘገይም ይችላል ጋሼ። እንዲያውም ላይመጣ ይችላል።»

ጣታቸውን አወረዱና በደከመ ዓይናቸው ወደ ድምፄ አዩ። «ይመጣል ያልከው አንተ ነህ» አሉኝ።

እንዲህ አጥብቄ መሥራቴን አላውቅም ነበር። የሰማይ ላም ናት ብሎ ማረድ አይቻል፣ መሸጥ አይቻል። ሐኪሞቹ ሊመጡ ሳምንት ቀርቷቸው ጋሽ አላምረው አልተነቃነቁም፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያው ሳምንት የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ልታይ የመጣች አንዲት ፈረንጅ አርብ ገበያ አደረች። ጠዋት ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች። በእጇ የያዘችውን ሳይ መንገዴን ትቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ዕቃው ነው። ያ እኛ ስናወራለት የከረምነው አዲሱ ሳይሆን የእሱ ታላቅ ወንድም ቢሆንም፣ ዕቃው ነው። በምኮራበት እንግሊዝኛዬ ራሴን አስተዋወቅሁና ስለ ጋሽ አላምረው ነገርኳት። ደግ ሴት ነበረች። ኪሴ ውስጥ ባለው ፍላሽ ላይ ጋሽ አላምረው ለፈተና ምንባብ እንዲሆን የደረሱት፣ እኔ ደብረ ታቦር ኢንተርኔት ቤት በኮምፒውተር የጻፍኩላቸው አንድ ገጽ ነበረ። በላፕቶፗ በኩል ዕቃው ላይ አስገባችልኝና እኔ ጋሽ አላምረውን ልጠራ በረርኩ።

መጡ። ተቀመጡ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ዕቃውን መስቀል እንደሚቀበል ሰው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ሴትዮዋ ገጹን ከፈተችላቸው።

ገጹ ላይ አንድም ፊደል አልነበረም። በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን በሳጥን ተደርድሯል። መሣሪያው ግዕዝ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ያላወቀውን ሁሉ ሳጥን ያደርገዋል። ሴትዮዋ አጉልታ አየች። ሳጥኖቹ ተለቁ። እንደገና አጎላች። ሳጥኖቹ ብስኩት አከሉ። ጋሽ አላምረው አፍንጫቸው መስተዋቱን እስኪነካ ድረስ አቀረቡት፣ አራቁት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። እኔ «ጋሼ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ዕቃው ነው» ልል አፌን ከፈትኩ።

ቀደሙኝ። «ይርጋ፣ ለኔ ሳጥን ሁኖ ነው የሚታየኝ። ላንተ ይነበብልሃል?» አሉ።

ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ትዝ አሉኝ። «ይነበባል ጋሼ» አልኩ። ይህም አልበቃኝም፤ ምንባቡን ስጽፈው በቃሌ ይዤው ስለነበር ሳጥኖቹን በጣቴ እየተከተልኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ነጠላ ሰረዙ ጋ ሳይቀር ትንፋሽ ወሰድኩ።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችን። «አዝናለሁ፣ ይህ ዕቃ የእናንተ ቋንቋ ፊደል የለውም» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ አላምረው።

«እንዲህ ተልቆም ካልታያቸው ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ አለች።»

ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት። «እግዜር ይስጥልኝ በላት» ብለው ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱ መምህራን ማረፊያው ሲገቡ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ በቀጥታ ወደ እኔ መጥተው «ንፋስ መውጫ መቼ ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

አብሬያቸው ሄድኩ። ተራ ስንጠብቅ ክንዴን ጨምድደው እንደያዙ ሐኪሙ ተጫምቶታል ብዬ ስለነገርኳቸው አረንጓዴ ነጠላ ጫማ ሲያመሰጥሩ ቆዩ። «ነጠላ ጫማ አድርጓል። ቤቱ እንዳለ ሰው አልፈራም። አንድም ነገር ቢበላሽ ለመሮጥ አይመቸውም፤ በሥራው ተማምኗል።» ስማቸው ሲጠራ ግን ቀልዱ ቆመ። አማተቡና እጄን ለቀቁ። ሲገቡ ጀርባቸውን ሳይ፣ በውሸት የወሰድኩት ሰው ዓይኑ ቢጠፋ ምን ይውጠኛል አልኩ በልቤ።

በበነጋው ፋሻው ከግራ ዓይናቸው ተነሣ። ብዙ ጊዜ አርገበገቡት፤ እንባ ወረደው። ከዚያ ፊት ለፊታቸው የቆምኩትን እኔን ትኩር ብለው አዩ።

«ይርጋ ነህ?»

«ነኝ ጋሼ።»

«ድምፅህ ወፍራም ነው እኮ። እኔስ ደልደል ያለ ሰው ነበር ያሰብኩ» አሉና ቅር እንዳላቸው ዞር አሉ። ግድግዳው ላይ አንድ ጽሑፍ ተለጥፏል። ጣታቸውን አንሥተው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው፣ «መት - ፋት - ክል - ክል - ነው» ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡት። ፍች አልሰጡትም። ድምፃቸው ሲቆራረጥ ነርሷ «አባት፣ ማልቀስ ለዓይንዎ ጥሩ አይደለም» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ክፍል ውስጥ የሚያነቡት እሳቸው ሆኑ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቅር ተሰኝተው ነበር፣ ተራ ስለቀረባቸው። የዕቃው ወሬ የሚቀር መስሎኝ ተሳስቼ ነበር። «ዓይኔ ዳነ ማለት ዕቃው ይቅር ማለት ነው እንዴ?» አሉኝና እንደ ቀድሞው ቀጠልን። እኔ ወደ ደብረ ታቦር ተዛውሬ፣ ሚስት አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ እንኳ ስልክ ደውለው «መጣ?» ይሉኛል። «ሊመጣ ነው ጋሼ» እላቸዋለሁ። ኋላ ስልኮች የእኛን ፊደል ሲያውቁ፣ ሲያጎሉ፣ ሲያነቡም ጊዜ ደውዬ አበሠርኳቸው። «በምን ዜማ?» አሉኝ። ያለ ዜማ መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲያውስ ገና ነው» ብለው ዘጉት።

ያችን የሆቴል በረንዳ ግን በሄድኩበት ሁሉ ሳወራት ኖርኩ። ሠርግ ላይ አውርቻታለሁ፣ ስልጠና ላይ አውርቻታለሁ፣ ለሚስቴ እስክትሰለቻት ነግሬያታለሁ። በአንዲት ብልህ ውሸት የሰው ዓይን ማዳኔን ያልሰማ ዘመድ የለኝም። ሳወራው እኔ እያደር ብልህ እየሆንኩ፣ ጋሽ አላምረው እያደር የዋህ እየሆኑ መጡ። ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ቅስማቸው እንዳይሰበር ብዬ።

ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነቡ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስለ እሳቸው ደግ ደጉን ስናነሣ ቆየንና፣ ሐዘኑን የማቀልላቸው መስሎኝ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። የሳጥኖቹን፣ በቃሌ ማንበቤን፣ የፈረንጇን ቃል መለወጤን። «ሳልነግራቸው ዐረፉ» ብዬ ጨረስኩ፣ ራሴንም ነቀነቅሁ።

እትዬ ዘነቡ በጥቁር ነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ለካ ሳቃቸውን እየያዙ ነው።

«አዬ ይርጋ» አሉኝ። «እሱስ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሳጥኑን ነዋ። የዚያን ለት ቤት ገብቶ ተቀመጠና ብቻውን ይስቃል። ምን ሁነህ ነው ብለው፣ ‹ያ ዕቃ ፊደላችንን አያውቅም› አለኝ። ‹የኔ ዓይን ሁሉን ጭጋግ ነው የሚያደርገው፤ ማዕዘን ያለው ነገር አሳይቶኝ አያውቅም። ደግሞ ሴትዮዋ ፊደሉ የለውም ስትል ሰምቻታለሁ። ይርጋ እንግሊዝኛ የተማረ እሱ ብቻ ይመስለዋል› አለ።»

በሠርጉም በስልጠናውም ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቴ መጡ። «ታዲያ ከሐኪሙ ለምን ሄዱ?» አልኩ።

«እኔም ይኸንኑ ጠየቅሁት። ‹ዓመት ሙሉ ስለዚያ ዕቃ ሲያወራ አፉ ያላረፈ ልጅ፣ ዛሬ ዕቃው እጁ ገብቶለት ሳለ ሁሉን ትቶ ለኔ ዓይን ብሎ ዋሸ› አለኝ። ‹ያነበበልኝ የራሴን ጽሑፍ ነው ዘነቡ፤ አንድ ቃል ሳይስት በልቡ ይዞታል። እንዲህ ለያዘኝ ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ? ፈርቻለሁ፣ ግን እሄዳለሁ› አለ።»

ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። አሁን ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«‹እንዳትነግሪው› ብሎኝ ነበር። ‹አዳንኩት ብሎ ይደሰትበት፤ እሱ ሲደሰት ማየት ደስ ይለኛል› አለ። አሁንማ ብነግርህ አይቆጣኝም።»

እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር።